የማይሞቅ ሽንሽን

ሌኮ፣ የካቲት ነው። ሐይቁ እርሳስ መስሏል፤
ሬዜጎኔ ተራራ ጥርሱን አግጥጧል፣
ስሙም መጋዝ ነው አሉ፣ ሰማይ ይገዘግዛል።
እኔ ከጋራዡ ጥግ የዘይት ጨርቅ ይዤ
አዲሷን ሞተር ሳይክል አብሳለሁ ፈዝዤ።

ረጅም ናት፣ ዝቅ ያለች፣ ወገቧ የተኛ፣
ለጥድፊያ ያልተሠራች፣ የመንገድ ጓደኛ፤
እጀታዋ ሰፊ፣ ለእቅፍ የተዘረጋ፣
ፊት ለፊት አንድ መብራት፣ ሲበራ የሚያነጋ።

አካሏን በየስሙ አንድ በአንድ አውቃለሁ፤
ማርሚታ፣ ሰልባትዮ፣ ካንዴላ እላለሁ፣
ፍሪሲዮን እላለሁ።
ሶማሌ ተራ ነው ቃሉን የለቀምኩት፣
ከዘርጋው ጋራዥ ውስጥ ከብሎን ጋር የፈታሁት።
እዚህ መጥቼ ሳየው ቃሉ ካገሩ ነው፤
ባዳው እኔ ብቻ፣ ቤተኛው እሱ ነው።

ሲሊንደሯን የከበበው፣ በስስ በስስ ታጥፎ፣
እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተደርድሮ ተሰልፎ፣
ያ ሁሉ ቀጭን ብረት ሥራ የለውም።
ውሃ ነው የሚያቀዘቅዛት፣ ንፋስ አያስፈልጋትም።
ራዲያተሯ ጠቁሮ ከሻንሲው ኋላ ተደብቋል፣
ካርቡራተር የመሰለ ክዳን ለዓይን ብቻ ተገጥሟል፤
ከክዳኑ ስር ኮምፒውተር ነዳጅ በጠብታ ይቆጥራል።
የኋላ ሞላዋም ሆዷ ስር ነው የተኛው፤
ላያት ሰው ግትር ናት፣ የምትለዝበው ለነዳው።

የነደፈቻት ልጅ ኢላሪያ ትባላለች፤
እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ሌሊቱን አልተኛች።
"ገዢ" ትለኛለች፣ "ሽንሽን ካላየ
ማጠቢያ ማሽን ነው ብሎ ልቡ ተለየ።
አባቱ የነዳትን ነው የሚፈልገው፤
አባቱን ያንገላታው ግን እንዳያንገላታው።"

ከሰዓት የሐይቁ ንፋስ፣ ብሬቫ ሲነሳ
ኦቶሪኖ መጣ፣ ኮቱን ሳይቆልፍ፣ ከዘራውን ሳይረሳ።
ጠርተውት ነው፣ ባርክልን እንደማለት ያለ፤
የድሮውን ሞተር እሱ ነው የሳለ።

"አስነሺያት" አለ።
ተነሳች። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ትንፋሿ ወፍራም።
ሩብ ሰዓት ቆመን ሰማን፣ ማንም አልተናገረም።
ከዚያ ጓንቱን አወለቀ፣ መዳፉን ዘረጋ፣
እንደ በሽተኛ ግንባር ሊዳብሳት ተጠጋ።
ሽንሽኑ ላይ አኖረው።
ጠበቅን።
እጁን አላነሳም።
"ለብ እንኳ አላለ" አለን፣ "ይሄ ብረት አይታመምም።"

መዳፉን ገልብጦ አሳየን፤ አምስት መስመር ጠባሳ፣
የጥንቱ ሽንሽን ያተመው፣ ሥጋው ያልረሳ።
"ለውበት መሰለሽ ያኔ የሸነሸንኩት?
ፓምፕ መግዣ ስናጣ ነው ንፋስ የለመንኩት።
ንፋስ በነጻ ነበር። ውበት ያላችሁት ኋላ ነው፣
ከቆመ፣ ከበረደ፣ ሙዚየም ከገባ ነው።
እኔንም ሽማግሌዎቹ ስቀውብኛል ያን ጊዜ፣
የስፌት መኪና ሠራ ብለው፤ አልቀረም ትካዜ።
አንቺ ግን የኔን ልብስ ለብሰሽ መጣሽ፤
እኔ የማንን ለበስኩ? ምነው ባልፈራሽ።"

"ያለ ሽንሽን ማን ይገዛታል?" አለች፣ ድምጿ ተሰብሮ።
"እንጃ፣ ሻጭ አይደለሁም" አለ ኮቱን ሰብስቦ፣ ዞሮ።
ከበሩ ሲደርስ ግን ወደ እኔ ተመልሶ
"ማርሚታዋ ግን ያምራል" አለኝ፣ በከዘራው ጠቅሶ።
ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

ማታ ሰው ሲበተን ኢላሪያ ቁልፍ ሰጠችኝ፤
"የቀኙን ብቻ ፍታ፣ ግራውን ተወው" አለችኝ።
ለምን አላልኳትም። አራት ብሎን ነው፣ ፈታሁት።
መዳፍ የሚያህለውን ብረት ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት።
ከስሩ የወጣው ገላ፣ እንደ ተላጨ ራስ
እንግዳ ሆነብኝ፣ ለስላሳ፣ ለመንካት የሚያሳሳ።
በግራ ሲያዩዋት አያት፣
በቀኝ ሲያዩዋት ገና ስም ያልወጣላት።

ነዳኋት በሐይቁ ዳር፣ እስከ ቫሬና ድረስ፣
ዋሻ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ጨለማና ንፋስ፤
ድምጿ ከዓለቱ ጋር እየተማከረ፣
ቀኝ ጉልበቴን አንዳች እየቆረቆረ።

ቫሬና ስደርስ ቆምኩ፣ ሞተሯን አጠፋሁ።
የረሳሁትን ብረት ከደረቴ አወጣሁ።
ሞቆ ነበር።